እሱ ክኒን ውጦ ተሻለው፤ እኔ ምንም አይሰማኝም። መመርመር አለብኝ?

የካቲት_ልጅ፣ ሰኞ ማታ 4፡10

ሰላም እህት ወንድሞች። በሌላ ስም የምጽፈው ለማን እንደማወራው ጨንቆኝ ነው። 27 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እጮኛ አለኝ። ቀለበት አስረናል፣ ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው።

ባለፈው ሳምንት ቻርጀር ፍለጋ ቦርሳውን ስከፍት ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክ ክኒን ግማሹ ያለቀ አገኘሁ። ስጠይቀው መጀመሪያ "የሽንት ቧንቧ ነው" አለኝ። ኋላ ላይ ግን ሁሉንም አወጣው። ከወር በፊት ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዶ ከሌላ ሴት ጋር አድሯል። በአራተኛው ቀን ሲሸና እንደ እሳት ያቃጥለው ጀመር። የውስጥ ሱሪው ላይም ቢጫ መግል አየ። ፋርማሲ ገብቶ በሹክሹክታ ነገራቸው፣ ክኒኑን ሸጡለት። በሦስት ቀን ተሻለው። በዚህ መሀል እኔና እሱ ተገናኝተናል። ያለ ኮንዶም።

ስለ ክህደቱ አሁን ምክር አልፈልግም፣ እሱን ለብቻዬ እያሰብኩበት ነው። የጨነቀኝ ጤናዬ ነው። አያሳክከኝም፣ አያቃጥለኝም፣ ፈሳሹም ያው እንደ ድሮው ነው። እሱ "አንቺም ደህና ነሽ፣ እኔም ድኛለሁ" ይለኛል። እውነት ድኗል? እኔስ የት ሄጄ ምን ብዬ ነው የምጠይቀው? ካርድ ክፍል ሰው በተሰለፈበት "የአባላዘር በሽታ" የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም።

ሰላም_ለሁሉ፣ ሰኞ ማታ 4፡35

አይዞሽ እህቴ። ምናልባት ከሴት ላይሆን ይችላል እኮ። እኛ ሰፈር ስሰማ ያደግኩት የሞቀ ድንጋይ ላይ ወይም ፀሐይ ፊት ቆሞ የሸና ሰው ጨብጥ ይይዘዋል ሲባል ነው። አጎቴም እንደዚያ ነው የያዘኝ ይል ነበር። አንቺ ደግሞ ምንም ካልተሰማሽ ምንም የለብሽም። ነጭ ሽንኩርት በደንብ ብዪ።

ሲስተር_ከአዳማ፣ ማክሰኞ ጠዋት 1፡50

የካቲት ልጅ፣ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ነው ያነበብኩት። ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ሆኜ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። አንቺ የጻፍሽውን ታሪክ በወር ውስጥ ስንቴ እንደምሰማው ብነግርሽ ብቸኝነቱ ይቀልልሽ ነበር።

ቀጥታ ልንገርሽ፣ መመርመር አለብሽ። በዚህ ሳምንት።

እጮኛሽ የነገረሽ ምልክት የጨብጥ ነው የሚመስለው። ወንድ ላይ ጨብጥ ብዙ ጊዜ አይደበቅም፣ በሳምንት ውስጥ ያቃጥላል፣ መግል ያወጣል። ክላሚዲያ የሚባለው ደግሞ ዘገምተኛ ነው። ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይቆያል፣ ፈሳሹም ቀጠን ያለ ነው። ወይም ጭራሽ ምንም የለውም። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ አብረው ይገኛሉ።

ሴት ላይ ግን ሌላ ነው። ክላሚዲያ ካለባቸው 10 ሴቶች 7ቱ ያህል ምንም አይሰማቸውም። ጨብጥም ሴት ላይ ብዙ ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። የማህፀን በር ላይ ሆኖ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። የማህፀን ቱቦዎቹ ጋ ሲደርስ ያቆስላል፣ ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይተዋል። ከዓመታት በኋላ "ለምን አላረገዝኩም" ብለው ከሚመጡት ውስጥ እንዲህ ያለፈባቸው አሉ። ፅንሱ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ ደም ፈሷቸው በአምቡላንስ የሚመጡም አሉ።

ሲፕሮን በተመለከተ፦ ድሮ ጨብጥን ያድን ነበር። አሁን ተህዋሲው ተላምዶታል። ስለዚህ ማቃጠሉ ቆመ ማለት ዳነ ማለት አይደለም፣ መግሉ ቀንሶ ተህዋሲው ሊቀር ይችላል። ዛሬ የምንሰጠው ሴፍትሪያክሶን የሚባል መርፌ ነው፣ ለክላሚዲያው ደግሞ ሌላ ክኒን ይጨመርበታል። እሱም እንደገና መታየት አለበት።

ሰላም ለሁሉ፣ በቅን ልብ እንደጻፍከው ይገባኛል። የድንጋዩን ወሬ እኔም አያቴ ቤት ሰምቼዋለሁ። ግን ጨብጥ ከሰው ወደ ሰው በግንኙነት ነው የሚሄደው። በአፍ በሚደረግ ግንኙነትም ጉሮሮ ውስጥ ይገባል። ከድንጋይ፣ ከፀሐይ፣ ከሽንት ቤት መቀመጫ አይመጣም። ይህን አጥብቄ የምለው ለምን መሰለህ? ድንጋዩ ላይ ሲላከክ ሚስት ሳትታከም ትቀራለች።

የካቲት_ልጅ፣ ማክሰኞ ቀን 6፡15

ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቢሮ ሆኜ እያነበብኩ እጄ ተንቀጠቀጠ። ካርድ ክፍል ምን ልበል? ውስጥስ ምንድነው የሚያደርጉኝ? ያማል?

ቆራጥ_ሰው፣ ማክሰኞ ቀን 6፡40

ሰልፍ ምን ያደርግልሻል? መርፌውንም ክኒኑንም ገዝተሽ ሰፈር ክሊኒክ ተወጊና ተገላገይ። ማንም አያውቅም።

ሲስተር_ከአዳማ፣ ማክሰኞ ማታ 1፡05

ቆራጥ፣ እንዲህ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው፣ ምክንያቱም እፍረቱ ከባድ ነው። ግን የራስን መድኃኒት ገዝቶ የሚወጋ ሰው የቂጥኝና የኤች አይ ቪ ደሙን አያሰራም። እርጉዝ መሆኗንም አያይም። ለክላሚዲያው የምንሰጠው ዶክሲሳይክሊን ለእርጉዝ አይሰጥም። በዚህ ላይ ትናንት እጮኛዋ ያደረገው ይህንኑ አይደል?

የካቲት ልጅ፣ ካርድ ክፍል ምንም ማለት የለብሽም። "ሐኪም ማየት እፈልጋለሁ" በቂ ነው። ቢጠይቁሽ "የሴት ጉዳይ ነው፣ ለሐኪሙ እነግራለሁ" በያቸው። በሩ ከተዘጋ በኋላ ግን ለእኛ የጻፍሽውን እንዳለ ንገሪ። "ጓደኛዬ መግል ነበረው፣ እኔ ምልክት የለኝም፣ የተገናኘነው እንዲህ ባለ ቀን ነው" ካልሽ ሥራው ግማሽ አለቀ። የክኒኑን ማሸጊያ ይዘሽ ሂጂ።

መጀመሪያ ይጠይቁሻል። የወር አበባሽ መቼ መጣ፣ መድኃኒት የማይስማማሽ አለ ወይ፣ ሆድሽ ታች ያምሻል ወይ። ከዚያ አልጋ ላይ ተኝተሽ ያዩሻል። መሣሪያው የዳክዬ አፍ ይመስላል። ይቀዘቅዛል፣ ይጫናል፣ ግን ትንፋሽሽን ረጅም አድርገሽ ብትለቂ ብዙም አያምም። ሴት ባለሙያ እንድታይሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ደም ትሰጫለሽ። ከመሄድሽ በፊት ውስጥሽን በውሃ ወይም በሳሙና አትጠቢ።

አንድ ነገር እንዳይገርምሽ። ብዙ ጤና ጣቢያ የክላሚዲያ መመርመሪያ ማሽን የለውም። ስለዚህ በምልክትና በታሪክ ነው የምናክመው። ወንዱ መግል ካለው፣ ለጨብጡም ለክላሚዲያውም አንድ ላይ ሰጥተን፣ ለሴቷም ምልክት ባይኖራት እንሰጣለን። ያለ ላብራቶሪ ሰጡኝ ብለሽ አትቀየሚ። አሠራሩ ነው።

ይህን ደግሞ ለሌሎችም ልበል። ሆድ ታች በጣም ካመመ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም የወር አበባ ቀርቶ ሕመም ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው። ያለ ኮንዶም ግንኙነት አድርጎ ኤች አይ ቪን የፈራ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ከመጣ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። ቶሎ በመጣ ቁጥር የተሻለ ነው። ላንቺ ሰዓቱ አልፏል፣ የሚያነብ ሌላ ሰው ግን ይኖራል።

ደም_ለጋሹ፣ ማክሰኞ ማታ 3፡30

የኔን ታሪክ እዚህ ቤት ነግሬ አላውቅም። የእህታችን "ምንም አይሰማኝም" የሚለው ቃል ነው ያስጻፈኝ።

የዛሬ 4 ዓመት ነው። ብልቴ ላይ አተር የምታክል ቁስል ወጣች። አታምም፣ አታሳክክም። ጠርዟ ጠንከር ያለ ነበር። ሱሪ የፋቀኝ መሰለኝ። በወሩ ራሷ ጠፋች፣ እኔም ረሳኋት። ከዚያ መዳፌና የእግሬ መርገጫ ላይ መዳብ የመሰለ ሽፍታ ወጣ። ሳሙና ቀየርኩ። እሱም ጠፋ። ሁለቴም ተፈወስኩ ብዬ ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ደም የሚሰበስቡ መጥተው ሰጠሁ። ከሳምንታት በኋላ ተደወለልኝና በአካል እንድመጣ ተነገረኝ። የተለገሰ ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረመራል። ቂጥኝ ተገኘብኝ። ዶክተሩ ስለ ቁስሏና ስለ ሽፍታው ሲጠይቀኝ እኔ ያልነገርኩትን ታሪኬን የሚያውቅ መሰለኝ።

ሕክምናው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። 2.4 ሚሊዮን ዩኒት፣ ግማሹን በአንዱ ጎን ግማሹን በሌላው። ወፍራም መድኃኒት ነው፣ ሲገባ ይሰማል። ያን ሌሊት ትኩሳትና ብርድ ብርድ አለኝ። መድኃኒቱ ያልተስማማኝ መስሎኝ ስሮጥ ብመለስ፣ ተህዋሲው ሲሞት ሰውነት እንደዚያ እንደሚሆን አስረዱኝ። በማግስቱ ለቀቀኝ።

ከመርፌው ይልቅ ለባለቤቴ መናገሩ ነው የከበደኝ። ሦስት ቀን ቆየሁ። ነገርኳት፣ ተመረመረች፣ እሷም ላይ ነበር። አንድም ምልክት አላየችም። ሁለታችንም ታከምን። በ6 ወርና በዓመት ተመልሰን ደም ሰጠን።

እባካችሁ ለመመርመር ብላችሁ ደም አትለግሱ። የእኔ በአጋጣሚ ነው። ደሙ ለታመመ ሰው ነው የሚሄደው።

የካቲት_ልጅ፣ ማክሰኞ ማታ 3፡50

ወንድሜ፣ ይህን ስለጻፍክልኝ አመሰግንሃለሁ። ባለቤትህን እግዜር ይጠብቅልህ።

ማይክሮስኮፕ፣ ረቡዕ ጠዋት 3፡20

ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ሰዎች ወረቀታቸውን ይዘው በመስኮቱ ሲያዩኝ ፊታቸው ላይ የማነበው ፍርሃት ስላለ ስለ ወረቀቱ ጥቂት ልበል።

"ሽንቴን ተመርምሬ ንጹህ ነው ተባልኩ" የሚለውን ብዙ እሰማለሁ። ተራው የሽንት ምርመራ ጨብጥም ክላሚዲያም አይለይም። ነጭ የደም ሴል በዝቷል ብሎ ጥርጣሬ ይሰጣል እንጂ። የወንድ መግል በመስታወት ተቀብቶ ቀለም ሲገባበት ጨብጡ በማይክሮስኮፕ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ ቡና ፍሬ ለሁለት የተከፈለ ይመስላል። የሴት ናሙና ላይ ግን ብዙ ጊዜ ያመልጠናል። ክላሚዲያ ደግሞ በዚህ መንገድ ጭራሽ አይታይም።

ለቂጥኝ ሁለት ዓይነት ምርመራ አለ። ጣት ተወግቶ በደቂቃዎች የሚደርሰው፣ አንዴ ቂጥኝ የያዘው ሰው ላይ ድኖም አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ፖዘቲቭ ይላል። ቪዲአርኤል የሚባለው በቁጥር ይወጣል። 1 ለ32 የነበረው ወደ 1 ለ8 ከወረደ ሕክምናው ሠርቷል ማለት ነው። ቪዲአርኤል በእርግዝና ወይም በወባ ምክንያት በስህተት ፖዘቲቭ ሊል ይችላል፣ ስለዚህ በሌላው ይረጋገጣል። ወረቀት አይታችሁ ብቻችሁን አትፍረዱ።

ጊዜም አለው። ለጨብጥና ለክላሚዲያ 2 ሳምንት ያህል ይበቃል። ቂጥኝ እስከ 3 ወር ሊደበቅ ይችላል። የኤች አይ ቪ ፈጣን ምርመራም ኔጌቲቭ ካለ ከ3 ወር በኋላ ይደገማል። ዛሬም ግን መሠራቱ ጥሩ ነው፣ መነሻውን ታውቂያለሽ። የመንግሥት ጤና ተቋም ውስጥ ኤች አይ ቪ በነፃ ነው።

እፍረቱን በተመለከተ አንድ ቁጥር ልስጥሽ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየቀኑ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ሊድን በሚችል የአባላዘር በሽታ ይያዛል። ነርሷ ፊት ስትቀመጪ ለእሷ አዲስ ነገር ይዘሽ አልመጣሽም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፣ ረቡዕ ማታ 5፡00

ከአሜሪካ ነው። እዚህ ላላችሁ ልጆች። የክላሚዲያና የጨብጥ ምርመራ እዚህ በሽንት ወይም ራሳችሁ ከብልታችሁ በጥጥ በምትወስዱት ናሙና ይሠራል። ሽንቱ ስትሸኑ መጀመሪያ የሚወጣው ነው የሚፈለገው፣ ከዚያ በፊት ለአንድ ሰዓት ያህል አትሽኑ። ከ25 ዓመት በታች የሆነች ግንኙነት የጀመረች ሴት ምልክት ባይኖራትም በየዓመቱ እንድትመረመር ነው የሚመከረው።

ኢንሹራንሳችሁ የቤተሰብ ከሆነ፣ ምን አገልግሎት እንዳገኛችሁ የሚዘረዝር ደብዳቤ ለአባታችሁ ሊደርስ ይችላል። እህቴ ላይ ደርሷል፣ ቤት ውስጥ ትልቅ ሐዘን ሆነ። የካውንቲ ጤና ቢሮ ክሊኒኮች በነፃ ወይም በጥቂት ብር ያያሉ፣ ወደዚያ ሂዱ። እንግሊዝኛ ያልጠና ሰው ደግሞ የአክስቱን ልጅ አስተርጓሚ አድርጎ አይሂድ። የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በስልክ ያገናኟችኋል፣ አትከፍሉም።

የጅማ_ልጅ፣ ሐሙስ ጠዋት 2፡40

እኔ ወደ ገልፍ ልሄድ ስል ነው የተነገረኝ። የጉዞ ምርመራው ላይ ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ቂጥኝ ይታያል። ሄፓታይተስ ቢ አለብሽ ተባልኩና ጉዞው ቀረ። ሰፈር ውስጥ "ከወንድ ነው ያመጣችው" ተባለ። እኔ ወንድ አላውቅም ነበር።

ኋላ ሐኪሙ አስረዳኝ። ይህ ቫይረስ በግንኙነትም ይተላለፋል፣ ነገር ግን በደማቸው ይዘውት ከሚኖሩት ብዙዎቹ ሲወለዱ ከእናታቸው ወይም በልጅነት ነው የያዛቸው። እናቴ ተመረመረች፣ አለባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭንቅላቴን ቀና አደረግኩ። አሁን በክትትል ላይ ነኝ። ባለቤቴ ከሠርጋችን በፊት ሦስቱን ክትባት ወሰደ። የካቲት ልጅ፣ ደምሽን ስትሰጪ ይህንንም አሠሪ። ከሌለብሽ ክትባቱን ውሰጂ።

የሦስት_ልጆች_እናት፣ ሐሙስ ቀን 8፡10

ልጄ፣ ዕድሜዬ ከእናትሽ ሳይበልጥ አይቀርም። እኔ ስወልድ ሕፃኑ ዓይን ላይ ቅባት ሲቀቡ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። አሁን ነርስ የሆነችው ልጄ ናት የነገረችኝ። እናት ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ካለባት ሕፃኑ ሲወጣ ዓይኑ ይያዛል፣ ጨብጡ ሊያሳውረውም ይችላል፣ ለዚያ ነው አለችኝ። የእርግዝና ክትትል ላይ ቂጥኝና ኤች አይ ቪ የሚመረመሩትም ለልጁ ነው። ስትጋቢም ሆነ ብትተዪው፣ ነገ ለምትወልጂው ልጅ ብለሽ ሂጂ።

ዕድሜዋ ለክትባት የደረሰ ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባቱን አስወጉ። አገራችን በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙ ሰው "ልታመክኑብን ነው" ብሎ ፈርቶ ነበር። ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ ራሱ በግንኙነት የሚመጣ ነው። እህቴን የቀበርኩት በዚያ ካንሰር ነው።

ሲስተር_ከአዳማ፣ ሐሙስ ማታ 2፡00

እማማ፣ እህትዎን ነፍስ ይማር። ያሉትን እኔም ለእናቶች በየቀኑ እላለሁ። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች ደግሞ ጤና ተቋም ሄደው የማህፀን በራቸውን ይታዩ። ደቂቃዎች ነው የሚወስደው።

የካቲት_ልጅ፣ ከሳምንት በኋላ፣ አርብ ማታ 3፡15

ተመለስኩ። ሄድኩ።

ሰልፉ ላይ ከፊቴ አንዲት እናት ሕፃን አዝላ ነበር፣ ከኋላዬ ተማሪዎች። ተራዬ ሲደርስ "ሐኪም ማየት እፈልጋለሁ" አልኩ፣ ሰውየው ቀና ሳይል ካርዱን ጻፈልኝ። ያን ያህል ነበር። ስንት ሌሊት ያልተኛሁበት ነገር።

ያየችኝ ሲስተር በእኔ ዕድሜ ናት። ማሸጊያውን አሳየኋት። አልገረማትም። አልጋው ላይ ስታየኝ የማህፀን በር ላይ ቢጫ ነገር እንዳለና ሲነካ በቀላሉ እንደሚደማ ነገረችኝ። እኔ ምንም አልተሰማኝም ነበር እኮ። መርፌ ተወጋሁ፣ የ7 ቀን ዶክሲሳይክሊን ተሰጠኝ፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ። እርግዝና የለም። ኤች አይ ቪ ኔጌቲቭ፣ ቂጥኝ የለም፣ ሄፓታይተስ ቢ የለም፣ የመጀመሪያውን ክትባት ለመውሰድ ተቀጥሬያለሁ። የኤች አይ ቪና የቂጥኙ ግንቦት 20 ይደገማል። ጨብጡም ተመልሶ እንዳይሆን ያኔ አብረው ያዩኛል።

ለእሱ የምሰጠው ወረቀት ሰጠችኝ። ስሜ አልተጻፈበትም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። በማግስቱ ሄደ። መርፌውን ተወግቶ ደሙን ሰጥቶ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ "ይቅርታ" አለኝ። አልመለስኩለትም። ሠርጉን ወደ ጥር ገፍተነዋል። ለቤተሰብ የሥራ ጉዳይ ነው ብለናል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግንቦት ካለፈ በኋላ አስባለሁ።

ሲስተር_ከአዳማ፣ አርብ ማታ 3፡40

ጎበዝ የኔ እህት። ክኒኑን ጨረስሽው? ሁለታችሁም ጨርሳችሁ ሳምንት ሳይሞላ እንዳትገናኙ። አንዱ ታክሞ ሌላው ከቀረ ተመልሶ ይመጣል።

የካቲት_ልጅ፣ አርብ ማታ 3፡45

የመጨረሻዋን ዛሬ ጠዋት ዋጥኩ። እሱ እህቱ ቤት ነው ያለው።